ከያቤሎ መልስ ሲዘገይ

ስልኩ ሲጠራ ሱመያ ሙዘሚል ነገሌ ካለው ዋና ቢሮ ጓሮ፣ ሰርቨሩ በተቀመጠበት ጠባብ ክፍል ውስጥ የቬንትሌተሩን አቧራ እያራገፈች ነበር። የደወለችው ሲስተር አየለች ናት፤ የተልተሌ ክሊኒክ አዋላጅ። ተረጋግታ የምታወራ ሴት ናት፤ ያን ዕለት ጠዋት ግን ሰላምታም አላስቀደመች።

«ሱመያ፣ አያስገባኝም። የይለፍ ቃሌን ደጋግሜ ጻፍኩ፤ ዝም ብሎ ይዞራል።»

«ተሳስተሻል አይልሽም?»

«ምንም አይልም! እሺም እምቢም የለ። አልጋ ላይ ያለችው እናት ደም እየፈሰሳት ነው። ዶክተር ሁዳ ምስሉን ካላየችው ምን እንደማደርግ አላውቅም።»

ማኅበሩ በደቡብ ቆላ ከተሞች ትናንሽ የእናቶች ክሊኒኮች አሉት፤ ሐኪሟ ግን አንዲት ናት፤ እሷም ነገሌ ነው ያለችው። ስለዚህ ተልተሌ ያለችው አዋላጅ በአልትራሳውንድ የጽንሱን ምስል አንስታ ትልካለች፤ ዶክተር ሁዳ ነገሌ ቁጭ ብላ ታይና «እዚያው ትውለድ» ወይም «ቶሎ ውሰዷት» ትላለች። የተልተሌ የሞባይል ኢንተርኔት ለሰላምታ እንጂ ለምስል አይበቃም። ምስሉ የሚሄደው ማኅበሩ ለክሊኒኮቹ ባስገባው የራሱ መስመር ነው፤ በዚያ መስመር ለመጠቀም ደግሞ ስምና የይለፍ ቃል ይጠየቃል። ስሙን ተቀብሎ የሚያስገባው ነገሌ ያለው የሱመያ ሰርቨር ነው። ሰርቨሩ ግን ማን የቤት ሰው፣ ማን እንግዳ እንደሆነ በራሱ አያውቅም። የሠራተኞቹ ስም የተቀመጠበትን ዳታቤዝ ይጠይቃል፤ ዳታቤዙ ያለው ደግሞ ያቤሎ ነው። ለምን ያቤሎ ቢባል፣ ማኅበሩ ሲቋቋም ቢሮው እዚያ ስለነበረ ነው። ቢሮው ወደ ነገሌ ሲዛወር ወንበርና ጠረጴዛው ተጭኖ መጣ፤ ኮምፒውተሩ ግን «እየሠራ ያለ ነገር አይነካም» ተብሎ እዚያው ቀረ።

ሱመያ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ይዛ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። ሰርቨሩ ይሠራል። የተልተሌ መስመርም አለ። ያቤሎ ያለው ማሽን እንኳ ስትጠራው «አለሁ» ይላል። ሁሉም አለ፤ በሩ ግን አይከፈትም። ደግሞ የተዘጋው ለአየለች ብቻ አልነበረም። ከሌሎቹ ክሊኒኮችም የገባ አንድም ሰው አልነበረም። ሰርቨሩን አጥፍታ አስነሳችው። ለጥቂት ጊዜ የሠራ መስሎ መልሶ ቆመ።

ያቤሎ ደወለች። ስልኩን ያነሳው የማኅበሩን መጋዘን የሚጠብቀው እንዳሻው ነው።

«አካም እንዳሻው! ኮምፒውተሩ በርቷል?»

«ናጋ ናጋ። በርቷል፣ መብራቱም ብልጭ ይላል። ግን እንደ ታመመ ሰው ያቃስታል።»

«አጥፍተህ አብራው።»

«አለቃችንን ጋሽ ፈቀደን ሳላስፈቅድ?»

«ሱመያ አዘዘችኝ በል። አሁኑኑ አጥፋው!»

ማሽኑ ጠፍቶ እስኪነሳ ዘመን የፈጀ መሰላት። በሩ ሲከፈት አየለች ታብሌቷን ትታ መኪና ላይ ወጥታ ነበር። ዶክተር ሁዳ ምስሉን ሳታይ፣ አየለች በስልክ ከነገረቻት ተነስታ፣ እናቲቱ ወደ ያቤሎ ሆስፒታል እንድትወሰድ ወስናለች። መንገዱ ረጅምና ኮረኮንች ነው። እናቲቱ ተረፈች፤ ሕፃኑ ግን መንገድ ላይ ሞተ።

ምስሉን ቀድማ ብታየው ሕፃኑ ይተርፍ እንደነበር ዶክተር ሁዳ አፏን ሞልታ መናገር አልቻለችም። «ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብዬ አይደለም» አለቻት ለሱመያ፤ «እውነቱ ይሄ ስለሆነ ነው።» ሱመያ አመስግና ወጣች። ያን ቀን ምሳም አልበላች።

በማግስቱ አየለች ደወለች። 

«ላማርርብሽ አይደለም» አለች አየለች። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ነገም እንደዚህ ይሆናል?»

«አይሆንም» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጠችው። «አላውቅም ሲስተር። አጣርቼ እነግርሻለሁ።»

«እሺ። ‹ሲስተም የለም› ብቻ እንዳትይኝ። እሱን በየቢሮው ሰምቼ ጠግቤዋለሁ።»

ሱመያ ያን ሳምንት ሰርቨሩ የጻፋቸውን መልእክቶች መስመር በመስመር ስታነብ ከረመች። ያገኘችው ነገር አስገረማት። ያቤሎ ያለው ማሽን ጭራሽ ሞቶ ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር፤ ሰርቨሩ ወዲያው «የለም» ተብሎ ቁርጡን ያውቅ ነበር። ማሽኑ ግን አልሞተም፤ ዲስኩ አርጅቶ እያጣጣረ ነበር። ጥያቄው ይደርሰዋል፣ መልሱ አይመጣም። ሰርቨሩን ደግሞ ምን ያህል እንደሚጠብቅ የነገረው ሰው የለም። ስለዚህ ይጠብቃል። በአንድ ጊዜ ይዞ መቆየት የሚችለው ጥቂት ጥያቄ ብቻ ስለሆነ፣ ሁሉንም ይዞ ከቆመ ሌላ አይቀበልም። ይባስ ብሎ፣ ክሊኒኩ ውስጥ ያለው መሣሪያ መልስ ሲያጣ ጥያቄውን ደጋግሞ ይልካል፤ እያንዳንዱ ድጋሚ እንደ አዲስ ሰው ወረፋ ይይዛል። አንዲት አየለች በሩ ላይ አሥር ሆና ቆማለች፤ የሌሎቹ ክሊኒኮች ነርሶች ከኋላዋ ተሰልፈዋል፤ በር ጠባቂው ያቤሎን እያየ ቀርቷል።

ይህን ይዛ ጋሽ ፈቀደ ቢሮ ገባች። ጋሽ ፈቀደ የመገናኛ ክፍሉ ኃላፊ ናቸው። ዕድሜያቸውን ነገሌ ጦር ሰፈር የሬዲዮ መገናኛ ላይ ያሳለፉ፣ ጡረታ ሲወጡም ወደ ትውልድ አገራቸው ከመመለስ እዚሁ መቅረትን የመረጡ ሰው ናቸው። ኮምፒውተር የተማሩት ዘግይተው ነው፤ የተማሩትን ግን አጥብቀው ይዘውታል።

«መጀመሪያ የምንጠብቅበትን ጊዜ እንወስን» አለቻቸው። «ያቤሎ በሁለት ሰከንድ ካልመለሰ መጠበቅ እናቁም። ከዚያ እዚሁ ነገሌ ሁለተኛ ዳታቤዝ እናስቀምጥ፤ ያቤሎ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ወዲያው እየገለበጠ የሚይዝ። ያቤሎ ደጋግሞ ዝም ሲል ሰርቨሩ ለጊዜው ይተወውና ወደዚህኛው ይዙር።»

«የመጀመሪያው ይሁን» አሉ ጋሽ ፈቀደ። «ሁለተኛው ግን አልተዋጠልኝም። ባለፈው ዓመት የታካሚ ምስጢር አውጥቶ ያሰናበትነው ልጅ ትዝ ይልሻል? ስሙን ያቤሎ ላይ ሰረዝነው፤ አለቀ። ያንቺ ቅጂ መሰረዙን ሳይሰማ ቢቀርስ?»

«ሊቀር ይችላል።»

«እና ያ ልጅ በቅጂው በኩል ይገባል።»

«ያቤሎና ነገሌ ተቋርጠው ባሉበት ሰዓት የተሰረዘ ሰው ከሆነ፣ አዎ፣ ይገባል።»

ጋሽ ፈቀደ መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት። «ይህን እያወቅሽ ነው የምትጠይቂኝ?»

«እያወቅኩ ነው። ሲስተር አየለች ደጅ ስትቆም ምን እንደሚሆንም አውቄያለሁ። ሁለቱም አደጋ ነው ጋሽ ፈቀደ። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ካለብን እኔ መርጫለሁ። እርስዎ ደግሞ ያስቡበት።»

እንዲህ ደፍራ ተናግራቸው አታውቅም። እሳቸው ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ፤ ሱመያም ነገሩ በዚያው የሞተ መሰላት።

ጠዋት ስትገባ ግን ቀድመዋት በሯ ላይ ቆመው አገኘቻቸው።

«ስሚ ልጄ» አሉ። «ሰው ስናሰናብት ስሙን ከሁለቱም ቦታ እኛው በእጃችን እንሰርዛለን። ከሁለቱም መጥፋቱን በዓይናችን ሳናይ ከወንበራችን አንነሳም። ደግሞ ቅጂው በር በሚጠብቅበት ሰዓት ምስል መላክና ማየት ብቻ ይፈቀድ፤ የቆየ የታካሚ መዝገብ አይከፈት። የቸገረው ይግባ፣ ጓዳ ድረስ ግን አይዝለቅ። ይሄን ማድረግ ትችያለሽ?»

የኋለኛው ለሱመያ ጨርሶ አልታሰባትም ነበር። «እችላለሁ!» አለች፤ ደስታዋን መደበቅ አቃታት።

ከሒሳብ ክፍል የተመለሰ ኮምፒውተር ጠርጋ አዘጋጀችና ቅጂውን ጫነችበት። ሁሉም ሲያልቅ ሙከራው በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት ይሁን አለች።

«ሰው እየታከመ?» አሉ ጋሽ ፈቀደ።

«ማንም በሌለበት ሰዓት ብንሞክረው የምናውቀው ማንም በሌለበት እንደሚሠራ ብቻ ነው። ለክሊኒኮቹ ቀድመን እንንገራቸው። የጠናባት ታካሚ ያለችበት ካለ እናቆየዋለን።»

ለሁሉም ተደወለ፤ የጠናባት ታካሚ የያዘ ክሊኒክ አልነበረም። ጋሽ ፈቀደ እንዳሻውን በስልክ ይዘው «ገመዱን ንቀል!» አሉ፤ ትእዛዙ የወታደር ቤቱን ቃና ይዞ ወጣ። ሱመያ ስክሪኑ ላይ ዓይኗን ተከለች። ያቤሎ ዝም አለ። ሰርቨሩ ጠየቀ፣ ጠበቀ፣ ተወው። ወዲያው የነርሶቹ ስም አንድ በአንድ መግባት ጀመረ፤ ሁሉም በነገሌው ቅጂ በኩል። ጋሽ ፈቀደ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። «ሠራ!»

«አሁን ይሰካው» አለች ሱመያ።

ችግሩ የመጣው ያኔ ነው። እንዳሻው ገመዱን ሰካው፣ ግን በደንብ አልገባለትም፤ አንዴ ይይዛል፣ አንዴ ይለቃል። ያቤሎ አንዲት ቃል በመለሰ ቁጥር ሰርቨሩ ሌላውን ሁሉ ትቶ ወደ እሱ ይሮጣል፤ እዚያ ሲደርስ መልስ ያጣል፤ እንደገና ይጠብቃል፤ እንደገና ይመለሳል። ስልኮቹ ተራ በተራ ጮኹ። ከሁሉ የከፋው የአየለች ነበር።

«አንዴ ያስገባኛል፣ አንዴ ይዘጋብኛል! ምን ዓይነት ጨዋታ ነው? ከድሮው በምን ተሻለ?»

ሱመያ ይቅርታ ጠይቃ ስልኩን አስቀመጠችና ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። ጋሽ ፈቀደ «አልኩሽ አላልኩሽም» እንዲሉ እየጠበቀች ነበር። እሳቸው ግን ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ሬዲዮ ላይ ሳለን» አሉ፣ «የጠፋ ጣቢያ ሲመለስ አንድ ቃል ሰማን ብለን ዋናውን መልእክት አንጭንበትም ነበር። ‹ትሰማኛለህ?› እያልን እንቆያለን። ደጋግሞ ጥርት ብሎ ሲመልስ ነው ወደ እሱ የምንዞረው። እስከዚያ ሥራው በተለዋጩ ይቀጥላል።»

ሱመያ ቀና አለች። «በምን እንጠይቀው ታዲያ? በነርሶቹ ስም መሞከር የለብንም።»

«የማንም ባልሆነ ስም ይጠየቃላ።»

እንዲሁ አደረገችው። ምንም በር የማይከፍት፣ የማንም ሰው ያልሆነ ስም ዳታቤዙ ላይ መዘገበች፤ እንደ አገሩ ሰላምታ ስሙን «አካም»፣ የይለፍ ቃሉን መልሱን «ናጋ» አለችው። ያቤሎ ሲጠፋ ሰርቨሩ በየጊዜው ለብቻው «አካም» እያለ ይጠይቃል፤ ነርሶቹ ግን በነገሌው ቅጂ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ያቤሎ ሳያቋርጥ፣ ሳይዘገይ በተከታታይ ከመለሰ ብቻ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሁለተኛው ሙከራ ላይ እንዳሻው ሆን ብሎ ገመዱን ሲነቅል ሲሰካ ቆየ፤ ማንም አልደወለም። ሦስተኛውን ሱመያ አስባ አዘጋጀችው። ገመዱን ሳይነቅሉ የያቤሎውን ማሽን ከባድ ፋይል እያስገለበጡ አደከሙት፤ እንደዚያ ክፉ ቀን እንዲያቃስት። ሰርቨሩ ሁለት ሰከንድ ጠብቆ ተወው።

አየለች ደውላ «ጀምሩ እንጂ፣ እየጠበቅኩ እኮ ነው» አለች።

«ጨርሰናል ሲስተር» አለቻት ሱመያ።

አጭሩ የቦረና ዝናብ፣ ሐጋያ፣ በጀመረ ሰሞን፣ በገበያ ቀን፣ ሱመያ አባቷ ሱቅ በራፍ ላይ ቆማ ከደንበኛ ጋር ስትጨዋወት ስልኳ ላይ ከሰርቨሩ አጭር መልእክት ገባ። «ያቤሎ አይመልስም። ነገሌ ተረክቧል።» እንዳሻው ጋ ስትደውል ነገሩን ነገራት፤ መብረቅ ወድቆ የሰፈሩ መብራት ጠፍቷል፤ ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ጧ ብሎ ጨሷል።

ያገኘችው ባጃጅ ላይ ዘላ ወጣች። መንገዱ በፍየልና በሰው ተሞልቷል፤ ሾፌሩ ጡሩምባ እየነፋ ይጎተታል። ሱመያ ስልኩን እጇ ላይ ይዛ የተልተሌን ቁጥር ትጠብቃለች። አልተደወለም። አለመደወሉ ይብስ አስፈራት፤ ስልኩም ተቋርጦ እንዳይሆን ብላ ሠጋች። ቢሮ ደርሳ ስክሪኑን ስታይ ግን የአየለች ስም አለ፤ ገብታለች። የዶክተር ሁዳም አለ። ሱመያ እየሮጠች ግቢውን አቋርጣ ዶክተሯ ክፍል በር ላይ ቆመች።

ዶክተር ሁዳ ምስል ፊቷ ከፍታ በስልክ እያወራች ነበር። «በደንብ ይታየኛል። የእንግዴ ልጁ መውጫውን ዘግቶታል። በምጥ አትቆዩ፣ በጣታችሁም አትመርምሯት። አሁኑኑ ውሰዷት፤ ኦፕራሲዮን ክፍሉን እንዲያዘጋጁ እኔ እደውልላቸዋለሁ። አዎ፣ ሆስፒታሉ ጄኔሬተር አለው። ስሟ ማን ነው? ቱሜ? እሺ፣ ንቀሉ!»

ስልኩን ዘግታ ሱመያን አየቻት። «ምን ሆነሻል? ላብ አጥምቆሻል እኮ።»

«ያቤሎ ወድቋል።»

«ምኑ?»

«ዳታቤዙ። ተቃጥሏል።»

ዶክተር ሁዳ ወደ ስክሪኑ ዞራ ምስሉን፣ ከዚያ መልሳ ሱመያን አየች። «ታዲያ ይሄን በምን እያየሁት ነው?»

«በነገሌው ቅጂ» አለች ሱመያ፤ በሩን ተደግፋ እየሳቀች እንባዋን ጠረገች።

ከሰዓት በኋላ ከሆስፒታሉ ተደወለ። ቱሜ በኦፕራሲዮን ሴት ልጅ ተገላግላለች፤ ደም ተሰጥቷታል፤ ሁለቱም ደህና ናቸው። ጋሽ ፈቀደ ወሬውን ሲሰሙ ተነስተው የሱመያን እጅ በሁለት እጃቸው ጨበጡት። ቀጥለው ያሉት ግን ሌላ ነው።

«አሁን አንድ ብቻ ቀርቶናል። ይሄኛው ቢወድቅ ተለዋጭ የለንም።»

«እሱን ላወራዎት ነበር የመጣሁት» አለች።

ማኅበሩ ብዙ ሳያንገራግር አዲስ ማሽን ገዛ። በዚህ ጊዜ ነገሌ ዋናው፣ ያቤሎ ተለዋጩ ይሁን ተባለ፤ ለሰርቨሩ የሚቀርበው እሱ ነውና። ሱመያ ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቷ ላይ ታቅፋ ያቤሎ ወረደች። እንዳሻው በየቀኑ ሲያወራት የኖረውን ድምፅ በአካል ሲያይ «ገለቶማ፣ ገለቶማ» እያለ አመሰገናትና «ትንሽ ልጅ ነሽ እንዴ?» ብሎ አሳቃት። ሁለቱ ተጋግዘው ማሽኑን ከወለል ከፍ አድርገው ሰቀሉት፤ መብረቅ ቢወርድ መስመሩን የሚቆርጥ መከላከያም ገጠሙለት። ሥራው ሲያልቅ ወደ ነገሌ በመመለስ ፈንታ ወደ ተልተሌ በሚሄደው መኪና ተሳፈረች።

አየለች ነጭ ጋዎኗን እንደለበሰች በር ላይ ተቀበለቻት። በስልክ ከምትመስለው ረዘም ያለች፣ ፈገግታዋ ሰፊ ሴት ናት። ተቃቅፈው ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ። አየለች የማዋለጃ ክፍሉን፣ አልትራሳውንዱን፣ እናቶች የሚያርፉበትን ጥላ አስጎበኘቻት። አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁ የቦረና ሴቶች «ናጋ?» ይሏታል፣ እሷም «ናጋ» ትላለች።

ሱመያ ሆዷ ውስጥ የቆየውን ጥያቄ መያዝ አልቻለችም። «ሲስተር፣ ያን ቀን ታዲያ ታወቀሽ?»

«የቱን ቀን?»

«ያቤሎ የተቃጠለ ዕለት። ቱሜን ስትልኪ።»

አየለች ግንባሯን ቋጥራ አሰበች። «ያቤሎ ተቃጥሎ ነበር እንዴ? ማንም የነገረኝ የለም። እኔ እንደወትሮዬ ስሜን ጻፍኩ፣ ገባሁ።»

ሱመያ ከት ብላ ሳቀች። ምን እንዳሳቃት አየለች አልገባትም፤ ግን አብራት ሳቀች፤ አግዳሚው ላይ ያሉት ሴቶችም ተከተሉ።

«ከመጣሽ አይቀር» አለች አየለች ሳቋን ስትጨርስ፣ «ና ብዬ የምለምነው አጥቼ ነው እንጂ፣ ያ የሶላሩ ባትሪ ሆዱ አብጧል። ደመና ሲሆን ክትባት የምናስቀምጥበት ፍሪጅ ይደክምብኛል።»

«የት ነው ያለው?» አለች ሱመያ፤ ሻርፗን ወደ ኋላ አስራ፣ የሹራቧን እጅጌ ሰብስባ ተከተለቻት።